ዐሥራ አራት ቁጥር

ሶደሬ ነበረ የቅዳሜ ዕቅዱ፣
ከስፌት ቤት ሰዎች ሃያ ሁለት ሊሄዱ፤
ብር አዋጥተን፣ ዳቦ ገዝተን፣ ሙዙን በዘለላ፣
ስታዲየም ጥግ ላይ፣ ገና ሳንነቃነቅ፣ አውቶብሱ ፈላ።

ሾፌሩ ምንተስኖት ኮፈኑን ከፍቶ አየ፤
እንፋሎቱ መሀል ፊቱ ሳይለይ ቆየ።
"ፍል ውሃ አይደል ያማራችሁ? ይኸው፣ እዚሁ መጣ"
አለና ሳቀብን፤ ግማሻችን ሳቀ፣ ግማሻችን ተቆጣ።

ሌላው ሙዙን ተካፍሎ ወደየቤቱ ተበተነ፤
የእህቴ ልጅ ባሮክ ግን አስፋልቱ ዳር ቆሞ እንደ ድንጋይ ሆነ።
አንገቱ ላይ ያለው ከመነዳሪ፣
ከጎሚስታው ለምኖ በሳሙና ያጠበው፣ ሌሊት አብሮት አዳሪ፣
ተነፍቶ፣ ተወጥሮ፣ ከራሱ ይበልጥ ነበር።
ለሰባት ዓመት ልጅ "ዋና ቀረ" ተብሎ እንዴት ይነገር?

"ና" አልኩት። "ውሃው እዚህም አለ።"
"የት?"
"ከእግርህ ሥር።"
ጫማውን አየ። አስፋልቱን ረገጥ ረገጥ አደረገ።

በቆርቆሮው አጥር ሥር፣ በተቆፈረው መንገድ፣
እሱ ዘማች መስሎ፣ እኔ የፈረደብኝ፣ በጠባብ ሳንቃ ላይ ስንሄድ፣
ዘበኛው ከመነዳሪውን አይቶ "ባሕሩ ወዴት ነው?" አለ።
ባሮክ በኩራት "ከታች ነው" ብሎት ቀጠለ።

ፍል ውሃ ደረስን። ቲኬት። ወረፋ። ፎጣ በፌስታል።
አግዳሚው ላይ ሞልቷል የጉልበት ሕመምተኛ፤
አንዱ ስለ ቅባት፣ አንዷ ስለ ወጌሻ፣ ሁሉም ሐኪም፣ ሁሉም ዳኛ።
ከጎናችን ያሉት አዛውንት፣ አቶ ገብረየስ፣
የባቡር ጣቢያ ጡረተኛ፣ ኮታቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው ለስለስ፣
ማንም ሳይጠይቃቸው ጀመሩ ቀስ በቀስ፤

"ሠላሳ ዓመት ነው፤ በየቅዳሜው ጧት።
እኔ ዐሥራ ሦስት፣ ዘርፌ ዐሥራ አራት።
ግድግዳው ቀጭን ነው። ሁለቴ ሳንኳኳ 'አለሁ' ማለቴ ነው፤
ሁለቴ ስትመልስ 'አለሁ' ማለቷ ነው።
ሌላ የምንባባለው ብዙም አልነበረ።"
"አሁንስ?" አልኳቸው። ፎጣቸውን አጠፉ።
"አሁን ጉልበቴን ነው" አሉ፤ ወሬው እዚያ ቀረ።

ተጠራን። ዐሥራ አራት።
ከመነዳሪው በበሩ አልገባ አለ፤ እንደ ጥጃ ጮኾ፣ ተጨምቆ፣ ተገፍቶ፣
ገንዳውን ሞላው፤ ባሮክ ወጣበት፣ እንደ ካፒቴን ኮርቶ።
ውሃው የዛገ ሚስማር፣ የተቀቀለ ዕንቁላል ይሸታል።
"ከየት ነው የሚመጣው?"
"ከታች።"
"ከታች ማን ያሞቀዋል?"
እኔ የማውቀው ሱሪ ማሳጠር ነው።
ከፎቁ፣ ከባንኩ፣ ከክላክሱ ሥር፣ ከተማዋም እንደ ሰው
የማትናገረው ትኩሳት አላት፣ ልለው አሰብኩና፣
"እንጃ" አልኩት፣ ጀርባውን በሳሙና አሸሁና።

ያኔ ከግድግዳው ማዶ፣
ኳ ኳ።

እጄ ከነሳሙናው አየር ላይ ቆመ።
ልጁ ግን፣ ወሬውን ሰምቶ ይሁን፣ በር መስሎት ይሁን፣
በእርጥብ ጡጫው፣ ሳያስብ፣
ኳ ኳ።

ከዚያ ዝም። ቧንቧው ብቻ ሲያንጠባጥብ።
ከማዶ አንድ ሳል፣ ወይም ሳቅ፤
በእንፋሎት ውስጥ ሁለቱ አይለዩም።
እትዬ ሽታዬ "ሰዓት!" ብላ በሩን በቁልፍ እስክትመታ
አንዳችንም አልተነፈስንም።

ስንወጣ በረንዳው ላይ ጫማቸውን ያስራሉ።
"ውሃው ዛሬ ሞቅ ይላል" አሉ፣
ለእኔም አይደል፣ ለልጁም፤ ከመነዳሪውን እያዩ።

አመሻሽ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ። አውቶብሱ አሁንም ኮፈኑ ተከፍቶ ቆሟል።
ባሮክ ፀጉሩ እንደረጠበ፣ እንቅልፍ ግማሹን ወስዶት፣
መስኮቱን ሁለቴ፣
ኳ ኳ።

"ወራጅ አለ!" ረዳቱ ጮኸ። ታክሲው ዳሩን ያዘ።
በሩ ተከፈተ። ማንም አልወረደ።
ጥቂት ብርድ ገባ፤
ተጠጋግተን ቦታ ሰጠነው። በሩ ተዘጋ።